የጎበጠ ፕላይዉድ እንዴት ይቃናል? ሳንባችንስ እንዴት ይተርፋል?

ገዝታችሁ ያስቀመጣችሁት ፕላይዉድ (ኮምፔንሳቶ) ከሳምንት በኋላ ጎብጦ ከጠበቃችሁ ለመጣል አትቸኩሉ። አብዛኛው ይቃናል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሦስት ሰሌዳ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጉብጠቱን እወቁት። ቀጥ ያለ ሞራሌ ላዩ ላይ አጋድሙና ክፍተቱን እዩ። ወደ አንድ ወገን ብቻ ከጎበጠ ተስፋ አለው። እንደተጨመቀ ፎጣ ከተጠማዘዘ ግን አትልፉ፤ ቆራርጣችሁ ለትናንሽ ሥራ አውሉት። ትንሽ ቁራጭ ላይ ጥምዝዙ ብዙም አይታወቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፕላይዉድ ስስ የእንጨት ንጣፎች አንዱ በቁመት፣ ሌላው በአግድም እየተነባበሩ በኮላ የተጣበቁበት ነው። ንጣፎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ናቸው፤ 3፣ 5 ወይም 7። ከመሃለኛው ንጣፍ ወዲህና ወዲያ ያለው ጉልበት እኩል እንዲሆን ነው። ይህን ሚዛን የሚያፈርሰው እርጥበት ነው። እርጥበት የጠጣው ፊት ያብጣል፣ የደረቀው ይኮማተራል፤ ሰሌዳውም ወደ ደረቀው ወገን ይታጠፋል። ስለዚህ ውሃ የሚፈልገው የደረቀው፣ ማለትም ወደ ውስጥ የጎደጎደው ፊት ነው።

እኔ የመጀመሪያ ጊዜ ያራስኩት ጀርባውን፣ የወጣውን ፊት ነበር። ያውም ውሃ አፍስሼ። እርጥብ እንጨት ይለሰልሳል፣ ከዚያ እጫነዋለሁ ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ጉብጠቱ ብሷል። ጠርዙ ላይ ኮላው ለቆ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተከፍተዋል። ያ ሰሌዳ ለምንም አልሆነም።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ጨርቅ ነክራችሁ በደንብ ጭመቁና የጎደጎደውን ፊት አልብሱት። ጥቂት ሰዓት ይቆይ። ውሃ ሲንጠባጠብ ካያችሁ አብዝታችኋል። ከዚያ ጨርቁን አንሱና ሰሌዳውን የጎደጎደው ፊት ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ሞራሌ ላይ አሳርፉ። መሃሉ ላይ ሌላ ጣውላ አጋድማችሁ ክብደት ጫኑበት፣ ወይም በሞርሳ (በማጥበቂያ) እሰሩት። ቀጥ ሲል አታቁሙ። በተቃራኒው በኩል ትንሽ እስኪጎብጥ ድረስ ጫኑት፤ ስትለቁት ጥቂት መመለሱ አይቀርም።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ማሞቂያ አታስጠጉበት። ጥላ ውስጥ ለብዙ ቀናት ይድረቅ። ሁለተኛውን ሰሌዳ በአንድ ሌሊት ፈትቼ የቁም ሳጥን በር አደረግሁት፤ በሁለት ቀን ውስጥ በሩ አልዘጋ አለ።

ሲቃና ሁለቱንም ፊትና ጠርዞቹን እኩል ቫርኒሽ ቀቡ። አንዱን ፊት ብቻ መቀባት ጉብጠትን መጋበዝ ነው። ስታስቀምጡም አስተኙት፣ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት።

ሳይቃና የጠረጴዛ መጋዝ ላይ አታውጡት። እየተወዛወዘ የመጋዙን ዲስክ ይነክሳል፣ ከዚያ በኃይል ወደ እናንተ ይወረወራል። ይህ ቸል የምትሉት ነገር አይደለም።

ብዙ ሰው የማይፈራው ግን ብናኙን ነው። አንድ ቀን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ ውዬ ማሽኑን አጠፋሁ፣ ማስኬን አወለቅሁ፣ ቁጭ ብዬ ውሃ ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ በመስኮት የገባው የማታ ፀሐይ ክፍሉን ሰነጠቀው። በጨረሩ ውስጥ ዱቄቱ ገና ሲንሳፈፍ አየሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ስተነፍሰው ነበር። ጠዋት አፍንጫዬን ስናፈጥ ቡናማ ወጣ።

ወለል ላይ የሚወድቀው ሰጋቱራ ያን ያህል አያሰጋም። ይበልጥ የሚጎዳው አየር ላይ የሚንሳፈፈው፣ አፍንጫና ሳንባ ውስጥ የሚገባው ደቃቅ ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ 1 ውስጥ አስገብቶታል። በተለይ የሚያያዘው ከአፍንጫና ከአፍንጫ ዙሪያ ክፍተቶች ካንሰር ጋር ነው። በብዙ ፕላይዉድ ኮላ ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲኖር ደግሞ በብዛት ይወጣል። ጨርቅ አርሳችሁ ስታቃኑ መስኮት ክፈቱ የምለው ለዚህ ነው።

አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ዋጋ የለውም። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚባለውን፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ግዙ፤ ከመሣሪያዎቼ ሁሉ መጀመሪያ ግዙ የምለው እሱን ነው። ጺም ካላችሁ በጎን ስለሚያስገባ ፊት ላይ በደንብ መግጠሙን ፈትሹ። ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አታውልቁት። ለመጋዝ ድምፅ የጆሮ መከላከያ አድርጉ።

ስታጸዱ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉ፣ በኮምፕረሰር አየርም አትንፉ፤ የተኛውን ብናኝ መልሳችሁ አየር ላይ ታነሱታላችሁ። ጥሩ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ወይም እርጥብ ጨርቅ ተጠቀሙ። የሥራ ልብሳችሁን እዚያው ቀይሩ። ልጅ ሮጦ ሊያቅፋችሁ ሲመጣ ያ ዱቄት ደረታችሁ ላይ መሆን የለበትም።