ሶሻል ለማውጣት ለማንም ገንዘብ አትክፈሉ

አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ሶሻልህ መጣ?» የሚል ነው። ዘመድ ይጠይቃል፣ አሰሪ ይጠይቃል፣ ባንክ ይጠይቃል። ሶሻል የምንለው ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን ባለ 9 አሃዝ ቁጥር ነው። ታክስ የሚከፈለው በእሱ ነው። ጡረታም የሚጠራቀመው በእሱ ነው። ቤት ስትከራዩ ወይም መኪና በብድር ስትገዙም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አገር ቤት ታክስ ሌላ ቁጥር አለው፣ ጡረታ ሌላ ቁጥር አለው። እዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ቁጥሩን የሚሰጠው የፌደራል መንግስት መስሪያ ቤት ነው። ክፍያ የለውም፣ አንድ ሳንቲም አይጠየቅም። ግን «ፎርሙን ልሙላልህ፣ ቀጠሮ ላስይዝልህ» እያለ ገና ስራ ካልጀመረ ሰው ላይ ገንዘብ የሚቀበል አይጠፋም። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ፎርሙን አማርኛ ብቻ የሚችል ሰው እንኳን በነጻ አስተርጓሚ ይጨርሰዋል። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የምትመጡ ከሆነ ነገሩ የሚያልቀው አዲስ አበባ እያላችሁ ነው። ለቪዛው የምትሞሉት ዲኤስ-260 የሚባለው ፎርም ላይ ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚጠይቅ ቦታ አለ። ቁጥርና ካርድ እንዲወጣላችሁ ትፈልጋላችሁ ወይ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ መረጃችሁ ለሶሻል ሴኩሪቲ መስሪያ ቤት እንዲተላለፍ ትፈቅዳላችሁ ወይ ይላል። ሁለቱንም አዎ በሉ። አንዱን አዎ ሌላውን አይ ካላችሁ ካርዱ በራሱ አይመጣም። ብዙ ሰው ፎርሙን የሚያስሞላው ኢንተርኔት ቤት ነው፣ የሚሞላው ልጅ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እያለ ያልፋታል። ከመላኩ በፊት ያንን ገጽ አሳየኝ በሉት። ቤተሰብ ከሆናችሁ የእያንዳንዱን ሰው ፎርም እዩ፣ ምክንያቱም ለባል የተሞላው ለሚስት አይሰራም።

አድራሻው ላይም ተጠንቀቁ። ካርዱ የሚላከው ስትገቡ በተመዘገበው የአሜሪካ አድራሻ ነው። ፎርሙን ስትሞሉ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖር የነበረው አጎት እናንተ እስክትመጡ አሌክሳንድሪያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከመብረራችሁ በፊት ደውሉና አድራሻውን ከነአፓርታማ ቁጥሩና ከነዚፕ ኮዱ ጻፉት። ኤርፖርት ላይ የኢሚግሬሽን ሰራተኛው አድራሻ ሲጠይቃችሁ አዲሱን ስጡት።

ከዚያ በኋላ ያለው የፖስታ ሳጥን ነገር ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን ስንት ሰው አስለቅሷል። አፓርታማ ላይ ፖስታ የሚያድለው ሰው ሳጥኑ ላይ የሚያውቀው የአጎታችሁን ስም ነው። የእናንተን ስም ሲያይ «እዚህ የሚኖር ሰው አይደለም» ብሎ ፖስታውን ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ እንደገባችሁ ስማችሁን በትንሽ ወረቀት ላይ ፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ጻፉና የሳጥኑ በር ላይ በውስጥ በኩል ለጥፉት፣ ፖስተኛው ሲከፍት በሚያየው በኩል። ፖስታውም ሲመጣ ያው ተራ ነጭ ፖስታ ነው። ከማስታወቂያ ጋር ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ እንዳይገባ ቤት ላሉት ሁሉ ንገሩ።

ካርዱ ከገባችሁ በ3 ሳምንት ውስጥ መድረስ አለበት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ግሪን ካርድና ሶሻል የተለያዩ ናቸው፣ የሚልኳቸውም መስሪያ ቤቶች የተለያዩ ናቸው። ግሪን ካርዱ የራሱ ክፍያ አለው፣ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሶሻል ግን ግሪን ካርድ አይጠብቅም። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው የኢሚግራንት ቪዛ ኤርፖርት ላይ ማህተም ከተመታበት ለ1 ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። «ግሪን ካርዴ ይምጣና እሄዳለሁ» ብሎ ቤት የሚቀመጥ ሰው የሚያቃጥለው የስራ ጊዜውን ነው።

3 ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ፎርሙ ላይ አይ ብላችሁ ከነበረ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መሄድ ነው። ዝም ብላችሁ አትሂዱ፣ መጀመሪያ በ1-800-772-1213 ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። በስልክም በቢሮም አስተርጓሚው በነጻ ነው፣ መብታችሁ ነው። የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ይዛችሁ መሄድ የለባችሁም።

ስትሄዱ ፓስፖርታችሁን ከነቪዛው ያዙ፣ ግሪን ካርድ ከደረሰም ያዙት፣ የልደት ሰርተፍኬትም ካለ አይቅር። ሁሉም ዋናው መሆን አለበት። ኮፒ አይቀበሉም፣ ኖታራይዝ የተደረገ ኮፒም ቢሆን አይቀበሉም። 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሲያወጣ ራሱ በአካል መቅረብ አለበት፣ ስለዚህ አስራ ሶስት ዓመት የሆነውን ልጅ ቤት ትታችሁ አትሂዱ።

የምትሞሉት ፎርም ኤስኤስ-5 ይባላል። አጭር ነው፣ ግን ለእኛ ሰው ወጥመድ የሆኑ ቦታዎች አሉት። አንደኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ላስት ኔም የሚለው ቦታ ላይ የአባቴን ልጻፍ ወይስ የአያቴን እያላችሁ አትጨነቁ፣ ቪዛው ላይ ወይም ግሪን ካርዱ ላይ ባለበት ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል ገልብጡት። «ፀሐይ» የሚለው ስም አንዱ ወረቀት ላይ በቲኤስ፣ ሌላው ላይ በቲ ብቻ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሶሻሉና ግሪን ካርዱ ካልተጣጣሙ በኋላ ለመንጃ ፈቃድ ስትሄዱ ይመልሷችኋል፣ ታክስ ስታስገቡም ይያዝባችኋል።

ሁለተኛው የልደት ቀን ነው። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። ሴፕቴምበር 5 የተወለደ ሰው እንደ ልማዳችን 5/9 ብሎ ከጻፈ ሜይ 9 ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር የተቀየረ ነው፣ እንደገና ለመቀየር አትሞክሩ። በተለይ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከቤት ሳትወጡ አስጠኗቸው። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት የልደት ቀናቸውን በቃል ትጠይቃለች፣ እማማ ደግሞ በአገር ቤት አቆጣጠር ይመልሳሉ፣ 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት ይመጣል፣ ከዚያ ጥያቄው ይበዛል።

ፎርሙ የእናትና የአባት ስምም ይጠይቃል። ሶሻል ቁጥራቸውን ለሚለው ቦታ ከሌላቸው የማይታወቅ የሚለውን ምልክት ማድረግ በቂ ነው። ከዚህ በፊት ቁጥር ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ የሚለውን ግን በጥንቃቄ መልሱ። በዲኤስ-260 ጠይቃችሁ ካርዱ ሳይደርስ ቀርቶ ከሆነ የመጣችሁት ይህንኑ ለሰራተኛዋ ንገሯት፣ ቁጥሩ ወጥቶ ካርዱ ብቻ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስትጨርሱ ማመልከቻችሁ መግባቱን የሚያሳይ ደረሰኝ ተቀበሉ። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት አካባቢ በፖስታ ይመጣል። ሲመጣ እዚያው ቆማችሁ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ።

ደግሞ ቁጥሩ እስኪመጣ ስራ መጀመር አይቻልም የሚባለው ትክክል አይደለም። ስራ ለመስራት የሚያስፈልገው የመስራት መብት ነው፣ ማህተም የተመታበት ቪዛ ያለው ሰው ደግሞ መብቱ አለው። ስትቀጠሩ የምትሞሉት አይ-9 የሚባል ፎርም አለ፣ ለእሱ ያ ፓስፖርት ብቻውን ይበቃል። አሰሪው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የኮምፒውተር ማጣሪያ የሚጠቀም ከሆነ ቁጥሩን ይፈልጋል፣ ግን እስኪደርስ እየሰራችሁ መቆየት ትችላላችሁ። አንዳንድ ማናጀር ይህን አያውቅም። ደረሰኙን አሳዩና በትህትና አስረዱት። ቁጥሩ ሲመጣ በዚያው ቀን ስጡት።

በሌላ መንገድ የመጣችሁ ደግሞ አላችሁ። አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀ ሰው ወርክ ፐርሚት (የስራ ፈቃድ) ሳይኖረው ሶሻል አያገኝም። ፐርሚቱ ሲደርስ እሱንና ፓስፖርቱን ይዞ ቢሮ ይሄዳል። የሚሰጠው ካርድ ላይ ከኢሚግሬሽን ፈቃድ ጋር ብቻ ለስራ እንደሚያገለግል የሚገልጽ ጽሁፍ ይኖራል፣ አትደንግጡ፣ ቁጥሩ ያው ሙሉ ቁጥር ነው። በኋላ ግሪን ካርድ ስታገኙ ሄዳችሁ ያ ጽሁፍ የሌለበትን ታስቀይራላችሁ፣ ቁጥሩ አይለወጥም። ተማሪ ከሆናችሁ ግቢ ውስጥ ስራ ማግኘታችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀጣሪው ክፍልና ከትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መያዝ አለባችሁ።

ሶሻል የማይገባው ሰው ታክስ ማስገባት ካለበት አይቲን የሚባል ቁጥር አለ። በ9 ይጀምራል፣ የሚሰጠው የታክስ መስሪያ ቤቱ ነው፣ ግን ለታክስ ብቻ ነው፣ ስራ አያሰራም። ሶሻል ሲገኝ አይቲኑን መጠቀም ማቆምና ሁለቱን እንዲያዋህዱ ለታክስ መስሪያ ቤቱ በደብዳቤ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን ከልቤ እለምናችኋለሁ፦ በዘመድ ወይም በጓደኛ ሶሻል አትስሩ፣ የራሳችሁንም ለማንም አታውሱ። ደሞዙ የሚመዘገበው በባለቁጥሩ ስም ነው፣ የታክስ ዕዳው የሚመጣው ለእሱ ነው። የሰራው ሰው ደግሞ ጡረታውም ቀረ፣ የኢሚግሬሽን ጉዳዩም ተበላሸ። ወንጀልም ነው። በደግነት ተጀምሮ ወንድማማቾችን ያጣላ ነገር ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ከመጀመሪያው ፔይቼክ (ደሞዝ) ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ፣ ሜዲኬር ለሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ 1.45 በመቶ ይቆረጣል። 1,000 ዶላር ብትሰሩ 76 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው። አሰሪውም የዚያኑ ያህል ይጨምርበታል። ኡበር የምትነዱ ከሆነ ግን አሰሪም ሰራተኛም እናንተው ናችሁ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ወገን፣ ማለትም 15.3 በመቶ ገደማ፣ ከትርፋችሁ ላይ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ። ይህን ሳያስቡ ዓመቱን ሙሉ ነድተው ኤፕሪል ላይ ታክስ ሲያስገቡ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። በየሳምንቱ ለብቻ አስቀምጡለት።

የጡረታ መብት ለማግኘት 40 ክሬዲት፣ ማለትም ከምትሰሩት ገቢ የሚመዘገብላችሁ ነጥብ፣ ያስፈልጋል። በዓመት ከ4 በላይ አይሰጥም፣ ስለዚህ ቢያንስ 10 ዓመት መስራት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 7 በመቶ እናንተ፣ 11 በመቶ አሰሪያችሁ እየከፈላችሁ የሰራችኋቸው ዓመታት እዚህ አይደመሩም፣ ምክንያቱም በሁለቱ አገሮች መካከል የጡረታ ስምምነት የለም። 20 ዓመት አስተምሮ በ52 ዓመቱ የመጣ ሰው ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው በጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ወረቀት ስራ የሚለውን አሰሪ እምቢ በሉ የምለው። በተለይ ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ እያንዳንዱ ዓመት ዋጋ አለው። በሶሻል ሴኩሪቲ ድረገጽ ላይ በራሳችሁ ስም አካውንት ክፈቱና የተመዘገበላችሁን ገቢ አሰሪው በየዓመቱ ከሚሰጣችሁ ደብሊው-2 ከሚባለው የደሞዝና የታክስ ወረቀት ጋር በየዓመቱ አስተያዩ። ስህተት ካለ በመርህ ደረጃ የማረሚያው ጊዜ ገቢው ከተገኘበት ዓመት በኋላ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው። ደብሊው-2 አትጣሉ።

ካርዱን ቤት አስቀምጡት፣ ኪስ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ፣ ላሚኔት አታስደርጉት (በፕላስቲክ አታስለብሱት)። ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ለማንም አትላኩ፣ ለእህታችሁም ቢሆን። ቢጠፋ ምትክ በነጻ ይሰጣል፣ ግን በዓመት ከ3 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ ከ10 ጊዜ አይበልጥም። «ሶሻልህ ታግዷል፣ ፖሊስ ሊመጣ ነው» የሚል ስልክ ከመጣ ሌባ ነው፣ ዝጉት። መስሪያ ቤቱ ቁጥር አያግድም፣ ጊፍት ካርድ ግዛም አይልም። ቁጥሬ ሰው እጅ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የብድር ታሪካችሁን የሚይዙት ሶስት ድርጅቶች፣ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ጋ፣ በስማችሁ ሌላ ሰው እንዳይበደር ክሬዲታችሁን አስቆልፉ፣ ሶስቱም ጋ በነጻ ነው፣ ብድር ስትፈልጉ ራሳችሁ መልሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ዜግነት ስታገኙ ወይም በጋብቻ ስም ስትቀይሩም ወረቀቱን ይዛችሁ እዚያው ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ።