የታሪክ ሰዎችን ሕይወት ስንጽፍ ስም፣ ማዕረግና ቀን እንዴት እናጣራ?

የአንድን የታሪክ ሰው አጭር ሕይወት ለመጻፍ የተነሣ ጸሐፊ፣ ወደ ውዳሴው ወይም ወደ ወቀሳው ከመግባቱ በፊት ስሙን፣ ማዕረጉንና ዘመኑን ማጣራት ይገባዋል።

በስም ይጀምሩ። ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ስለነበር፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ይህን ስም ሲያገኙ ዘመኑንና አገሩን አይተው የትኛው ካሳ እንደሆነ ይለዩ። በግጥምና በፉከራ ከሆነ የፈረስ ስም ይረዳል፤ የመጀመሪያው አባ ታጠቅ፣ ሁለተኛው አባ በዝብዝ ናቸውና።

ማዕረግን ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ እንደነበረው ይጻፉ። ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. ራስ፣ በ1921 ንጉሥ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ስለ ጫኑ፣ በ1915 ዓ.ም. ስለ ሠሩት ሥራ «ዐፄ ኃይለ ሥላሴ» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። ስለ አክብሮት ብሎ ማዕረግ መጨመርም አይገባም፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ከብዙ ራሶች የበለጠ ሥልጣን ኖሯቸው ሳለ ፊታውራሪ እንደተባሉ አልፈዋል።

ብዙ ጸሐፊ የሚሰናከለው ግን በቀን ነው። ዓመቱን ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲመልሱ፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ስለሆነ 1913፣ የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ስለሆነ 1896 ይሆናል።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ዛሬ የካቲት 23 ማርች 2 ላይ ሲውል፣ የውጭ መጻሕፍት ጦርነቱን ማርች 1 ያደርጉታል፤ እኔም መጻሕፍቱ ተሳስተዋል ብዬ ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኛ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ስናደርግ፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በመቶ የሚያልቅ ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ተጨማሪ ቀን አያገኝም፤ ስለዚህ በ1900 ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት የተፈጸመን ነገር በዛሬ ካሌንደር እያዩ ከመለወጥ ይልቅ፣ ምንጩ የሰጠውን ቀን እንዳለ ጽፈው የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ከጎኑ ያመልክቱ።