የጡት ማስያዣ ማንገቻ ትከሻ ሲቆርጥ

ጡታችሁ ከበድ ያለ እህቶች፣ ማንገቻው ትከሻችሁን እየቆረጠ መስመር የሚያወጣባችሁ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የማንገቻው አይደለም። ደረትና ጀርባ የሚዞረው ላስቲክ ሰፍቷችኋል። ክብደቱን በዋናነት መሸከም ያለበት እሱ ነው፤ ሲላላ ከኋላ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጡት ከፊት ይወርዳል፣ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይቀራል። ማንገቻውን ማሳጠር ደግሞ ላስቲኩን ይበልጥ ወደ ላይ ይስበዋል።

በመስታወት ጎናችሁን እዩ። ላስቲኩ ከፊቱ ይልቅ ከኋላ ከፍ ካለ የልኩን ቁጥር (የላስቲኩን ዙሪያ) አንድ ደረጃ ቀንሱ፣ ፊደሉን (ጡት የሚይዘውን ክፍል መጠን) አንድ ጨምሩ፦ 40ሲ (40C) ከነበረ 38ዲ (38D)። ፊደሉን መጨመር የግድ ነው! 38ሲ የሚይዘው ከ40ሲ ያነሰ ስለሆነ ጡት ከላይና በብብት በኩል ይተርፋል፤ ቁጥሩን ብቻ ቀንሰው «ጠበበኝ» የሚሉት ለዚህ ነው። አዲሱን ስትለኩ በመጨረሻው፣ በላላው መንጠቆ ቆልፉት። ላስቲኩ እየተለጠጠ ሲሄድ ወደ ውስጠኞቹ መንጠቆዎች ታልፋላችሁ። ከላስቲኩ ሥር ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም።

በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ግን ቁጥር አትቀንሱ፤ የጎድን አጥንት ስለሚሰፋ የጠበበ ላስቲክ ያስጨንቃል።