የሙቀት ማከማቻ ጨው ሲያልብ፣ ሲደርቅና ሲሸት

ነገሩ ጨው የተሞላ በርሜል ወይም ሳጥን ነው፤ ፋን አየር ያሳልፍበታል። ፋኑ ይዞራል፣ የክዳኑ ጎማ አልተቀደደም፣ ሽቦው አልላላም። ይሄን አይታችሁ ነው የመጣችሁ ብዬ ልጀምር። ጨው ሲደርቅ ሙቀት ያስቀምጣል፣ እርጥብ አየር ሲያገኝ ይመልሳል።

ጨው አልቧል፣ ከስር ውሃ አቁሯል፣ ከዚያ ድንጋይ ሆኗል

በክረምት የሚመጣልኝ ብልሽት ሁሉ ይሄው ነው ማለት ይቻላል። ጉም ከጦሳ ተራራ ወደ ደሴ ሲወርድ የአየሩ እርጥበት ወደ 100 በመቶ ይጠጋል። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ደግሞ በ25 ዲግሪ ላይ 29 በመቶ ገደማ እርጥበት ሲያገኝ መሟሟት ይጀምራል፤ ማግኒዚየም ክሎራይድ በ33 በመቶ አካባቢ።

«ሁለቱን ስለቀላቀልኩ ይሻላል» የሚል ሰው አይጠፋም። ተገላቢጦሹ ነው። ተራ ድብልቅ ከሁለቱም ቀድሞ ይሟሟል። ለውጥ የሚመጣው ሁለት ብረቶች አንድ ክሪስታል ውስጥ ሲገቡ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዚየም የያዘው ካርናላይት እንዲህ ነው፤ በአፋር ዳሎል ከመሬት በታች ይገኛል። ከማግኒዚየም ክሎራይድ የተሻለ እርጥበት ይችላል፤ ግን ጉም አይችልም።

ዋናው ጥፋት ፋኑን ሌሊቱን ሙሉ መተው ነው። ጨው ሙቀት እየሰጠ ሳለ ዙሪያውን ያለውን አየር ስለሚያሞቅ እርጥበቱ በመቶኛ ይቀንሳል፣ ጨውም ይተርፋል። ሙቀቱ ሲያልቅ ይቀዘቅዛል። ያኔ ማላብ ይጀምራል። አንድ ደንበኛ ከደሴ በአይሱዙ ያወረደው በርሜል ከላይ ቅርፊት፣ ከስር ኩሬ፣ መሃሉ መዶሻ የማይበግረው ነበር። አየሩ በዳር በዳር ብቻ እያለፈ መብራት ሲበላ ከርሟል። ሌላው ጨውን አፉ ባልታሰረ ማዳበሪያ በረንዳ ላይ አሳድሮ ነጋዴውን «አጭበረበረኝ» ይላል። ኧረ ተዉ!

መፍትሄው፦ የሚወጣው አየር መሞቁን ሲያቆም ፋኑን አጥፉ፣ መግቢያውንም መውጫውንም ዝጉ። ያላበውን አትድፉ። በሰፊ የስቴንለስ ትሪ ዘርግታችሁ በቀስታ አድርቁ። ካርናላይት ከሟሟ ፖታሲየም ክሎራይዱ ቀድሞ ለብቻው ይረጋል፤ እስኪደርቅ አማስሉት። ከዚያ ውቀጡ፣ ንፉ፣ በስሱ ደርድሩ። ቨርሚኩላይት የሚባለውን ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ማዕድን ካገኛችሁ ፈሳሹን እሱ ውስጥ አስመጥጡት፤ ቢያልብ እንኳ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ፣ የዛገ ላሜራ

ማግኒዚየም ክሎራይድ ከልክ በላይ ተጋግሏል። በክሪስታሉ ውስጥ 6 የውሃ ሞለኪውል የያዘው (6 ውሃ የምንለው) በ117 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከ130 ገደማ በኋላ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይወጣል። ያ ክሎሪን ከሄደ ውሃ ብትሰጡትም ሙቀቱ አይመለስም። ወደ 110 ሲደርስ አቁሙ። ቴርሞስታት የሌለው ማሞቂያ ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙ። በእንጀራ ምጣድ የምታደርቁ፣ ምጣዱም ሳንባችሁም ያልቃል። መስኮት ክፈቱ። ልጆችን አርቁ።

ኮምቦልቻ ቀትር ላይ፣ ክዳኑ ተዘግቶ እያለ ቀለጠ

6 ውሃ የያዘ ካልሲየም ክሎራይድ በ30 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ በርሜል ይሄን በቀላሉ ያልፋል። ጥላ ስር አድርጉት።

በበጋ ጨው ደረቅ ነው፣ ሙቀት ግን የለም

አየሩ ደርቋል። መግቢያው ላይ እርጥብ ጨርቅ ስቀሉ።

ማግኒዚየም ሰልፌት ብቻውን

ይሄ ሌላ ጨው ነው። ላዩ ቅርፊት ይሠራና እርጥበት ወደ ውስጥ አይገባም። እኔ ሳጥን ውስጥ ብቻውን አልጨምረውም።