ጎንደር ሱዳን ስትገባብኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ፈረንሳዊው አሳሽ አንቷን ዳባዲ ኢትዮጵያን እየዞረ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1873 ፓሪስ ያሳተመው የጂኦዴዚ (የመሬት ልኬት) መጽሐፍ አለ አይደል፣ የካርታዎቹን ስካን ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ሳስገባው ሰሜንና ደቡቡ ልክ ሆኖ ሁሉም ቦታ ወደ ምዕራብ ሸሸ፣ ጎንደር ጭራሽ ሱዳን ገባች ሃሃ። ስካኑ ቢጣመም ኖሮ አንዱ ብዙ ሌላው ትንሽ ነበር የሚሸሸው፣ ይሄ ግን ሁሉም እኩል ነው። ለካ ኬንትሮሱ የተቆጠረው እንደ ዛሬው ከግሪንዊች ሳይሆን ከፓሪስ ነው! ግሪንዊች የጋራ መነሻ ይሁን የተባለው እኮ ገና በ1884 ነው። እናም እያንዳንዱ ኬንትሮስ ላይ 2 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ደመርኩበት (በኛ አካባቢ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ)፣ ገጠመ። ኬንትሮስን ከፌሮ ደሴት (ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት) የሚቆጥር ሌላ የድሮ ካርታ ከገጠማችሁ ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ቀንሱለት።