ቴክስቸር ቀለም ከመቀባቱ በፊት የውስጥ ግድግዳን ማዘጋጀት

ቴክስቸር፣ ማለትም ጠጠር ያለበት ወፍራም ቀለም፣ የግድግዳን ትንንሽ ጉድጓድ ይደብቃል፤ እርጥበትንና የላላ ልስንን ግን አይችልም። በዓመቱ እንደ ቅርፊት የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ግድግዳ እርጥብ፣ አቧራማ ወይም የሚያንሸራትት ስለነበር ነው።

ስለዚህ ከድርቀቱ ይጀምሩ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ በክረምት የተለሰነ ግድግዳ ከዚያም በላይ ይቆያል። ቀን ከመቁጠር ግድግዳውን መፈተን ይሻላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽገው ይለጥፉና ለ24 ሰዓት ይተዉት። ላስቲኩ ውስጡ ጤዛ ከያዘ ወይም ልስኑ ከጠቆረ ግድግዳው ገና አልደረቀም። ለማድረቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ሰው ይገድላል፤ በርና መስኮት ከፍተው ነፋስ ያስገቡ።

ቀጥሎ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ያንኳኩ። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ልስን ከብሎኬቱ ስለለቀቀ ተነሥቶ እንደገና ይለሰናል። ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚታየውን ጨው መሰል ነጭ ብናኝ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት፤ በውሃ ከታጠበ ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ደግሞ ከወጣ ውሃ ከውጭ እየገባ ነውና የጣሪያውን ፍሳሽና መሠረቱ ዙሪያ የተከመረውን አፈር ያስተካክሉ።

ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ አጥበው ያድርቁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ። የማገዶና የኩበት ጥላሸት በሳሙና ይታጠባል፤ የሚተወው ቢጫ እድፍ ግን በውሃ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ የመጀመሪያ ቅብ) ውስጥ አልፎ ስለሚወጣ እዚያ ላይ የዘይት ፕራይመር ይጠቀሙ። የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እስኪደበዝዝ ይታሻል። እጅ የሚያነጣ የኖራ ቅብ ተፍቆ ይውጣ።

ስንጥቅን በስፓቱላ ጫፍ አፉን አስፍተው፣ አቧራውን ጠርገው በስቱኮ ይሙሉ። በአንዴ ወፍራም አድርጎ መሙላት መልሶ ይሰነጥቀዋል፤ በስሱ እየደራረቡ፣ እያደረቁ ይሥሩ። ከታሸ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

አሁን ውሃ ይርጩበት። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ ግድግዳው የጠማው ነው፤ ፕራይመር ካልተቀባ የቴክስቸሩን ውሃ ይመጥጥና ቀለሙ ቦታ ቦታ ይደርቃል፣ የሥራው መገጣጠሚያም ይታያል። በተለይ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ከሌላው ይለያል።

4 በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ሲቀነስ 41 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ፕራይመር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 8 ካሬ፣ ሻካራ ላይ 6 ካሬ ቢሸፍን ከ5 እስከ 7 ሊትር ይበቃል። ነጩን ፕራይመር እንዳለ አይቀቡት፤ ወደ ቴክስቸሩ ቀለም የቀረበ ያስደርጉ። ቴክስቸሩ ሲጫር ጠጠሩ በሚተወው መስመር ውስጥ ነጭ ይታያልና።

ማዕዘኑን በብሩሽ፣ ሰፊውን በሮለር ይቀቡ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ውርጭ ስላለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ጀምረው 9 ሰዓት ላይ ቢያቆሙ ከብርዱ በፊት ይደርቃል። አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ ፕላስተር ለጥፈው በፍጥነት ይላጡ፤ ፕራይመሩን ይዞ ከመጣ ሥሩ አልጠነከረምና ጠንካራው እስኪገኝ ድረስ ፍቀው ፕራይመሩን ይድገሙት።