የጣናን እምቦጭ ከቀበሌው ገበሬ ጋር ኮምፖስት ማድረግ፦ ለዩኒቨርሲቲ ቡድኖች

እምቦጭ ጣና ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በይፋ ከታወቀ ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬ በየዘመቻው ሲነቅል ኖሯል። የተነቀለው ግን ዳር ላይ ከተተወ ውሃው ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል። ከባሕር ዳርም ሆነ ከጎንደር የሚነሳ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ቀበሌ ጋር ሆኖ ይህን አረም ማዳበሪያ ሊያደርገው ይችላል።

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና በልማት ጣቢያ ሠራተኛው በኩል ግቡ። ስብሰባውን በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት፤ በሥራ ቀን የሚመጣው ሹም ብቻ ነው። ሴቶቹን ለብቻ አነጋግሩ። ኩበት የሚጠፈጥፉት እነሱ ናቸው፤ እበቱ ክምር ውስጥ ከገባ ምድጃቸው ይጎድላል፣ ስለዚህ የማገዶው ምትክ አብሮ ይታሰብ። ኮምፖስቱ የማን እንደሆነ፣ የቀን ሥራው ስንት እንደሚከፈልና ክምሩ የማን መሬት ላይ እንደሚያርፍ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይፈረም። ባሕር ሽሽ (ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት) ላይ አትከምሩ፤ በክረምት ይዋጣል፣ የይዞታ ክርክርም ያስነሳል።

አረሙ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ይበዛል። የፎገራ ሩዝ አጨዳ ከገባ ግን ሰው አይገኝም፤ ጥቅምት ይሻላል። የቦቲና የመንሽ ግዥ በነሐሴ ካልተጀመረ አይደርስም። ሐይቁ ውስጥ በቆዳ የሚገባው የቢልሃርዚያ ተውሳክ ስላለ ያለ ቦቲና ጓንት ማንም አይግባ። የከተማ ፍሳሽ ከሚገባበት ዳር አትሰብስቡ፤ እምቦጭ ከባድ ብረቶችን ከውሃው ይመጥጣል።

ሥሩን ቆርጣችሁ ቅጠሉን ከውሃው ራቅ አድርጋችሁ ከ3 እስከ 5 ቀን አጠውልጉ፤ ከ90 በመቶ በላዩ ውሃ ነው። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ክተፉ። የሞተር መክተፊያ ለጀማሪ ቀበሌ አይመከርም፣ ነዳጅና መለዋወጫ ያቆመዋል፤ ማጭድና ጉማጅ እንጨት ይበቃል።

ጠንቃቃ ሥራ የሚፈልገው ክምሩ ነው። ከሥር የበቆሎ አገዳ አንጥፉ። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር እምቦጭ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ቅጠል ወይም አገዳ፣ 5 ሳንቲ ሜትር እርጥብ እበትና ትንሽ አፈር እያፈራረቃችሁ እስከ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጉ፤ ወርዱም ያን ያህል ይሁን። የሩዝ ገለባ የከብት መኖ ስለሆነ አትውሰዱ፤ ደንገልም አትጨዱ፣ የዓሣ መራቢያ ነው። አንድ እፍኝ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ ብቻ ይውጣ። ከዚያ በላይ ከፈሰሰ ይሸታል፣ አይግልም።

የሚፈራው ፍሬው ነው። የእምቦጭ ፍሬ ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል፤ ያልሞተ ፍሬ ያለበት ኮምፖስት ማሳ ላይ ሲበተን አረሙን ወደ መስኖ ቦይና ወደ ሩዝ ማሳ ይወስዳል። ስለዚህ ሳያብብ መንቀል ይቀድማል። ክምሩ ውስጥ ሙቀቱ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ለ15 ቀን ይቆይ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም 5 ጊዜ ይገልበጥ። የውጪው ሽፋን ስለማይሞቅ በየግልበጣው ወደ መሃል መግባት አለበት። ገበሬው ዱላ ሰክቶ ቆይቶ ሲያወጣው በእጅ ካላስያዘ ደህና ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ረጅም ቴርሞሜትር አምጥቶ በየቀኑ ይመዝግብ። ከ3 ወር ገደማ በኋላ ከበሰለው ላይ ጥቂት እፍኝ ወስዳችሁ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ፀሐይ ላይ ለ4 ሳምንት አስቀምጡ። አንድ ቡቃያ ቢወጣ ክምሩ ለማንም አይታደልም፤ እንደገና ይከመር።

መሞከሪያው የገበሬው የራሱ ማሳ ይሁን። 10 በ10 ሜትር የሆኑ ሁለት መደቦች ጎን ለጎን ያዙ፣ አንዱ ላይ 100 ኪሎ ኮምፖስት ጨምሩ፣ ዘሩና አስተራረሱ አንድ ይሁን። ምርቱ ጎረቤት እያየ ይመዘን፤ ልዩነት ባይኖርም ያው በአማርኛ ለቀበሌው ይነገር። ኮምፖስት ንጥረ ነገሩን ቀስ እያለ ስለሚለቅ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ላይታይ ይችላል። ሁለቱ መደቦች ለ3 ዓመት ሳይቀያየሩ ይቆዩ፤ የተማሪው ጥናት ቀድሞ ስለሚያልቅም መዝገቡን የሚረከብ መምህር ከመጀመሪያው ይመደብ።